ክላረንደንን በአግባቡ መጠቀም፦ ስለ አንድ ወፍራም ባለ እግር የላቲን ፊደል አሠራርና አገልግሎት

በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች በቡናማ መደብ ላይ በነጭ የተጻፉትን የቆዩ ሰሌዳዎች ያየ ሰው፣ ወይም የቆየ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገልጦ በየአንቀጹ መነሻ ጎላ ብሎ የተቀመጠውን ቃል በዓይኑ የፈለገ ሰው፣ ስሙን ባያውቀውም ክላረንደን የሚባለውን የፊደል ቅርጽ አይቶታል። ይህ ፊደል ወፍራም ነው፤ በየጭረቱ ጫፍም ጠንካራ እግር፣ ማለትም ሰሪፍ፣ አለው። እንዲህም ሆኖ እንደ ብዙዎቹ ወፍራም ፊደላት የሚጮኽ አይመስልም። ዛሬ በመጽሐፍ ሽፋን፣ በቡና ማሸጊያ፣ በምግብ ቤት ዝርዝርና በድርጅት ዓርማ ላይ የሚፈለገውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ያለ ቦታው ሲገባ ገጽን የሚያከብድና አንባቢን የሚያደክም ፊደል በመሆኑ፣ ከመጠቀም በፊት አሠራሩንና የተሠራበትን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል። የሚከተለው መመሪያ ለግራፊክ ዲዛይን ጀማሪዎች፣ ጽሑፋቸውን ራሳቸው አቀናብረው ወደ ማተሚያ ቤት ለሚልኩ ሰዎች፣ በተለይም እንግሊዝኛና አማርኛን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ለሚያስቀምጡ የተዘጋጀ ነው።

የተሠራበት ምክንያት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለንደን ፊደል ቀራጮች ለማስታወቂያ የሚሆኑ ወፋፍራም ፊደላትን በብዛት ያወጡ ነበር። አንዳንዶቹ ቋሚ ጭረታቸው እጅግ ወፍሮ አግዳሚው እንደ ክር የቀጠነ ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ ቪንሰንት ፊጊንስ በ1810ዎቹ እንዳሳያቸው ዓይነት እግራቸው እንደ ጡብ ዐራት ማዕዘን የሆነ ነበር። ሁሉም ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ትልቅ ወረቀት ላይ ጥሩ ሆነው ይታዩ ነበር፤ በመጽሐፍ ገጽ መካከል ግን ከተራው ፊደል ጋር አይስማሙም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 በለንደን የፋን ስትሪት ፊደል ማምረቻ ባልደረባ የነበረው ሮበርት ቤስሊ ክላረንደንን ሲያወጣ ያሰበው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ቅርጹን በብረት ላይ የቀረጸው ቤንጃሚን ፎክስ ነበር። ፊደሉ ከተራው የመጽሐፍ ፊደል ጋር በአንድ መስመር ላይ ቆሞ፣ መጠኑን ሳይለውጥ በውፍረቱ ብቻ ተለይቶ እንዲታይ ተደርጎ ተሠራ። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ አንድን ቃል መርጠን ቦልድ የምናደርግበት ልማድ ከዚያ ዘመን ፍላጎት የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ቤስሊ ፊደሉን በ1842 በወጣው የእንግሊዝ የቅርጽ ጥበቃ ሕግ መሠረት አስመዘገበው። ጥበቃው የሦስት ዓመት ብቻ ስለነበር፣ ጊዜው ሲያልቅ ሌሎች ማምረቻዎች ወዲያውኑ ቀዱት፤ ስሙም የአንድ ፊደል መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ወገን ፊደላት ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ቤስሊ በበኩሉ ሀብትና ማዕርግ አግኝቶ በ1869 የለንደን ከተማ ከንቲባ ሆኗል፤ ለፊደል ነጋዴ መጥፎ ዕድል አይደለም። በኦክስፎርድ የተዘጋጀው ታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ክፍሉ በ1884 ሲታተም መሪ ቃላቱን ያስቀመጠው በክላረንደን ነበር። በዚያ ገጽ ላይ ፍቺው፣ ምሳሌውና ታሪኩ ሁሉ በቀጭን ፊደል እየተጨናነቀ ይወርዳል፤ ወፍራም የሆነው መሪ ቃሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ዓይን ከላይ ወደ ታች በፍጥነት እየወረደ የፈለገውን ያገኛል።

ከዚህ የምንወስደው ዋና ነገር ክላረንደን ጉልበቱን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ቀጭን ጽሑፍ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች በሙሉ ከዚህ አንድ ነጥብ የሚነሡ ናቸው።

ፊደሉን ከሌሎች ለይቶ ማወቅ

በመጀመሪያ እግሩን ይመልከቱ። የክላረንደን እግር ወፍራምና ጫፉ ደልደል ብሎ የተቆረጠ ነው፤ ነገር ግን ከቋሚው ጭረት ጋር የሚገናኘው በሹል ማዕዘን አይደለም። የመሶብ እግር ወደ ታች እየሰፋ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ጭረቱ ወደ ጫፉ ሲቃረብ በለስላሳ ኩርባ እየሰፋ ከእግሩ ጋር ይዋሐዳል። ሮክዌል የተባለውን የ1934 ፊደል አጠገቡ ቢያስቀምጡት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ የሮክዌል እግር ያለ ምንም ኩርባ በቀጥታ የተሰካ ስለሆነ ፊደሉን መሐንዲስ በማስመሪያ የሠራው ያስመስለዋል። ቦዶኒ የተባለውን ፊደል ቢያስቀምጡ ደግሞ እግሩ እንደ ክር የቀጠነ ሆኖ ያገኙታል። ክላረንደን በሁለቱ መካከል ነው፤ በወፍራሙና በቀጭኑ ጭረት መካከል ልዩነት አለው፣ ግን ቀጭኑ በደካማ ወረቀት ላይ እስኪጠፋ ድረስ የቀጠነ አይደለም።

ቀጥሎ ትንሿን ኤ፣ ትንሿን አር እና ትንሿን ሲ በትልቅ መጠን አድርገው ያስተያዩ። በኤ እና በሲ ላይኛው ጫፍ፣ በአር ክንድ ላይ፣ እንዲሁም በዋይ ጅራት ላይ ድቡልቡል ጠብታ የመሰለ ጫፍ ያገኛሉ። የካፒታል አር ቀኝ እግር ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወደ ታች ወርዶ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ቁጥሮቹም እንዲሁ ናቸው፤ 2 እና 3 በድቡልቡል ጫፍ ይጀምራሉ፣ 5 እና 6 ሆዳቸው ሰፊ ነው። ትናንሾቹ ፊደላት ከካፒታሎቹ አንጻር ቁመታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ በውስጣቸው ያለው ባዶ ቦታ ሰፊ ነው፤ ወፍራም ሆነው ሳለ የሚነበቡትም በዚህ ምክንያት ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ላይኖታይፕ ኩባንያ ለጋዜጣ ያወጣው አዮኒክ ቁጥር 5 ይህንኑ ሰፊ ሆድና ጠንካራ እግር ከክላረንደን ወገን ወርሶ በቀጭን ውፍረት የሠራ በመሆኑ፣ በርካሽ ወረቀት ላይ ተጣድፎ የሚታተም ጽሑፍ እንዲነበብ አስችሏል።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ይገባል። በአሜሪካ ምዕራብ ፊልሞች ውስጥ «ይፈለጋል» በሚለው ወረቀት ላይ የሚታየው፣ የላይና የታች እግሩ ከቋሚ ጭረቱ በልጦ የወፈረው ፊደል የፈረንሳይ ክላረንደን ይባላል። ዘመድ ነው፤ አገልግሎቱ ግን ሌላ ነው። ፊደሉ ወዲያውኑ ፈረስና ሽጉጥ ስለሚያስታውስ፣ ያ ስሜት ካልተፈለገ በስተቀር መራቅ ይሻላል።

የትኛውን ክላረንደን መምረጥ

በገበያ ላይ ያሉት ክላረንደኖች ብዙ ናቸው፤ ዛሬ ሰዎች «ክላረንደን» ሲሉ በአብዛኛው የሚያስቡት የቤስሊን የመጀመሪያ ቅጂ ሳይሆን በ1950ዎቹ የታደሰውን ነው። ኸርማን አይደንቤንዝ ለስዊሱ ሃስ ፊደል ማምረቻ በ1953 ያወጣው ቅጂ ንጹሕና የተረጋጋ ሲሆን፣ ፍሪማን ክሮው ለአሜሪካው ፊደል ማምረቻ ኩባንያ በ1955 የሠራው ደግሞ ሰፋ ያለና ሞቅ ያለ ነው። የመጀመሪያው የ1845 ቅርጽ ጠበብ ያለ እንደነበር ማስታወስ ይገባል፤ በመጽሐፍ መስመር ውስጥ የሚገባ ስለነበር ቦታ መቆጠብ ነበረበት።

ገንዘብ ሳያወጡ መጀመር የሚፈልጉ ሰዎች ቤስሊ የተባለውን ፎንት ከጉግል ፎንትስ ማውረድ ይችላሉ። በፊደሉ አባት ስም የተጠራው ይህ ፎንት በነጻ ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳል፤ ከመደበኛው እስከ እጅግ ወፍራሙ ድረስ የተለያየ ውፍረት አለው፤ አብሮት የተሠራ ዘመም ቅርጽም (ኢታሊክ) አለው። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ የቆዩ ክላረንደኖች ዘመም ቅርጽ የላቸውም፤ በሌላቸው ላይ የማዝመሚያውን ቁልፍ ሲጫኑ ፕሮግራሙ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ያጋድለዋል፤ ድቡልቡል ጫፎቹም ተጨፍልቀው ይበላሻሉ። የገዙት ፎንት ዘመም ከሌለው መጽሐፍ ወይም ጋዜጣ ስትጠቅሱ በትእምርተ ጥቅስ ተጠቀሙ፤ አስገድዳችሁ አታጋድሉት።

የሚስማማውና የማይስማማው ቦታ

ክላረንደን ከሁሉ በላይ የሚያምርበት ቦታ አጭር ርዕስ ነው። ከአንድ እስከ አምስት ወይም ስድስት ቃል ያለው የመጽሐፍ ርዕስ፣ የምዕራፍ መጠሪያ፣ የሱቅ ስም፣ የምርት መለያ፣ የምግብ ዝርዝር ክፍል ስም፣ ዋጋና ቀን ሁሉ ይሆኑለታል። ቁጥሮቹ በተለይ የሚያማምሩ በመሆናቸው፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ ወይም በቤት ቁጥር ላይ ከሌላው ጽሑፍ ሁሉ ለይቶ ቁጥሩን ብቻ በክላረንደን ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ከሚገመተው በላይ ውጤት ይሰጣል።

ሁለተኛውና የተረሳው አገልግሎት ፊደሉ መጀመሪያ የተሠራበት ነው፤ በጽሑፍ መካከል ቃልን ለይቶ ማሳየት። የሙያ ቃላት መፍቻ፣ የስልክና የአድራሻ ማውጫ፣ የሙዚየም ካታሎግ፣ የመድኃኒት ወይም የዕፅዋት ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው መሪ ቃሉን በክላረንደን፣ ማብራሪያውን ደግሞ ቀለል ባለ ባለ እግር ፊደል ቢያስቀምጥ ገጹ ያለ ምንም ሥዕልና ቀለም ሥርዓት ይይዛል። ወፍራም ፊደል ሁልጊዜ ከቀጭኑ የተለቀ ስለሚመስል፣ መሪ ቃሉን ከማብራሪያው በግማሽ ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ማሳነስ ጥሩ ነው፤ ማብራሪያው 10 ነጥብ ከሆነ መሪ ቃሉ 9.5 ይሁን። በወረቀት ላይ እኩል ሆነው ይታያሉ።

የማይስማማው ቦታም ግልጽ ነው። ሙሉ አንቀጽን በወፍራም ክላረንደን ማስቀመጥ ለማንም አይጠቅምም፤ ሁሉም ከጎላ የጎላ ነገር የለም። የሐዘን ማስታወቂያ፣ የሕግ ውል፣ የሕክምና ማስጠንቀቂያ ላይም አይመከርም፤ ድቡልቡል ጫፎቹ ፈገግ ያለ መልክ ስላላቸው የነገሩን ክብደት ያቀሉታል። በስልክ ስክሪን ላይ ከ14 ፒክስል በታች ሲሆን ደግሞ እግሮቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ለእንዲህ ያለ ቦታ እግር የሌለው ፊደል ይሻላል።

የመንገድ ምልክት ለብቻው የሚታይ ነው። ከላይ የተጠቀሱት የፓርክ ሰሌዳዎች ሰው ቆሞ ሲያነባቸው ውበታቸው ባይካድም፣ በመኪና እያለፉ ለሚነበቡት የመንገድ ሰሌዳዎች ግን የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ክላረንደንን የሚተካ ሮሊንሰን የተባለ ባለ እግር ፊደል አሠርቷል። የክላረንደን ፊደላት ሰፋፊ በመሆናቸው ረጅም የቦታ ስም ትልቅ ሰሌዳ ይጠይቃል፤ ነጭና ወፍራም የሆነ ጭረት በሌሊት የመኪና መብራት ሲያርፍበት እየፈነጠቀ የፊደሉን ሆድ ይሞላዋል። ለሱቅዎ የሚያበራ ሰሌዳ የሚያሠሩ ከሆነ ይኸው ነገር ስለሚያጋጥምዎ፣ በቀን ከሚያምርዎት ውፍረት አንድ ደረጃ ቀጠን ያለውን ይዘዙ።

ልኬትና ክፍተት

የርዕሱና የዋናው ጽሑፍ የመጠን ልዩነት ግልጽ ይሁን። ዋናው ጽሑፍ 11 ነጥብ ሆኖ ርዕሱ 13 ነጥብ ቢሆን የስሕተት ይመስላል፤ ወይ በመጠን እኩል አድርገው በውፍረት ብቻ ይለዩት፣ ወይ ወደ 20 እና 24 ነጥብ ከፍ ያድርጉት። ርዕሱ ሁለት መስመር ከሆነ የመስመር ክፍተቱ ከፊደሉ መጠን ከ105 እስከ 115 በመቶ ይበቃዋል። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሰጠው 120 በመቶ ለዋና ጽሑፍ የታሰበ ስለሆነ ወፍራም ርዕስን ይበታትነዋል።

በፊደላት መካከል ያለው ክፍተት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፊደሉ ወፍራምና ባለ እግር ስለሆነ በትልቅ መጠን ሲሆን ክፍተቱ የሰፋ ይመስላል፤ በኢንዲዛይን ወይም በኢላስትሬተር (የገጽና የሥዕል ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች) የክፍተት መለኪያውን ከ5 እስከ 15 ቢያጠቡት ይሰበሰባል፤ እግር ከእግር እስኪነካካ ድረስ ግን መሄድ የለበትም። ሁሉም በካፒታል ከተጻፈ ተቃራኒው ነው፤ ከ20 እስከ 40 ያህል መሳብ ያስፈልጋል። በካፒታል የተጻፈ ረጅም ርዕስ በክላረንደን ግንብ ስለሚመስል፣ በእኔ ምርጫ ከሁለት ቃል በላይ ከሆነ በትንንሾቹ ፊደላት መጻፉ ይሻላል፤ የፊደሉ ውበት ያለው በእነርሱ ነው።

የወረቀቱ ዓይነት ውፍረቱን ይወስናል። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ ፊደሉ ሲታተም ይወፍራል፤ በሚያብለጨልጭ የመጽሔት ወረቀት ላይ ግን የታዘዘውን ያህል ይወጣል። ስለዚህ ለጋዜጣ ወረቀት መካከለኛውን፣ ለመጽሔት ወረቀት ወፍራሙን መምረጥ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል።

የሚጣመረው ፊደል የራሱን ድምፅ የማያሰማ መሆን አለበት። ሴንቸሪ ስኩልቡክ የቅርብ ዘመዱ በመሆኑ ለዋና ጽሑፍ ያለ ጠብ ይስማማዋል፤ ባስከርቪልም ጥሩ ነው። እግር ከሌላቸው መካከል ሞሪስ ፉለር ቤንተን በ1902 የነደፈው ፍራንክሊን ጎቲክ የዘመን መንፈሱን ይጋራል። ሮክዌልን ከክላረንደን ጋር ማጣመር ግን አይገባም፤ ሁለቱ ለመለያየት እጅግ ይመሳሰላሉ፣ ለመመሳሰል እጅግ ይለያያሉ።

ከአማርኛ ፊደል ጎን ሲቆም

ለግእዝ ፊደል የተሠራ ክላረንደን አይፈልጉ፤ ፊደላችን ውፍረቱን ያገኘው ከመቃ ብዕር እንጂ ከእንግሊዝ ማስታወቂያ ስላልሆነ የላቲኑን እግር ቢሰኩበት ባዕድ ይሆናል። ሆኖም ሁለቱን የሚያቀራርብ ነገር አለ። በብራና ላይ ሰፋ ባለ ብዕር የተጻፈ ፊደል ቋሚ እግሩ ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው፤ በሮም በ1513 በታተመው በመጀመሪያው የግእዝ መዝሙረ ዳዊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በመጡት የብረት ፊደላት ይህ ጠባይ አልጠፋም። የክላረንደንም ውፍረት በቋሚው ላይ ስለሆነ፣ ጭረቱ ሁሉ እኩል ከሆነ ዘመናዊ የአማርኛ ፎንት ይልቅ የብዕር ጠባይ ያለው ፎንት ይበልጥ ይስማማዋል።

እዚህ ላይ በየቀኑ የሚታይ ጉድለት አለ። ኒያላ እና አቢሲኒካ የተባሉት ታዋቂ ፎንቶች የተሠሩት በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። በእነርሱ የተጻፈን ርዕስ መርጠው የቦልድ ቁልፍ ሲጫኑ፣ ፕሮግራሙ እውነተኛ ወፍራም ፊደል ስለሌለው ያለውን ፊደል ዙሪያውን ይቀባዋል። ውጤቱን በቅርብ ለማየት ቢ እና ቤን፣ ሲ እና ሴን፣ ኪ እና ኬን ጎን ለጎን ጽፈው ቦልድ ያድርጉና በ9 ወይም በ10 ነጥብ ያትሙ። በአምስተኛው ፊደል እግር ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት በቀለም ትሞላለች፤ የተሞላች ቀለበት ደግሞ ከሦስተኛው ፊደል እግር ጋር በቀላሉ ትምታታለች፤ «ቤት» የሚለው ቃል «ቢት» ሆኖ ይነበባል። እንደ ጨ እና ቋ ባሉት ጥብቅ ፊደላት ውስጥም ያለው ባዶ ቦታ ይዘጋል። በላቲኑ በኩል በጥንቃቄ የተቀረጸ ክላረንደን አስቀምጠው በአማርኛው በኩል እንዲህ ያለ በቀለም የታፈነ ፊደል ቢያቆሙ፣ አማርኛው የእንግሊዝኛው ተለጣፊ ይመስላል።

መፍትሔው ወፍራሙ ለብቻው የተሳለ ፎንት መጠቀም ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነጻ የሚወርድ ሲሆን ከቀጭኑ እስከ እጅግ ወፍራሙ ዘጠኝ የውፍረት ደረጃዎች አሉት፤ በወፍራሙ ውስጥ ቀለበቶቹ ክፍት ሆነው እንዲቀሩ ታስቦ ተስሏል። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ደግሞ ማሰሻው በራሱ ፈቃድ ፊደል እንዳያወፍርና እንዳያጋድል የሚከለክለውን የሲኤስኤስ (የድረ ገጽ መልክ መወሰኛ ቋንቋ) ትእዛዝ ቢጨምር፣ እውነተኛው ወፍራም ፎንት ሳይጫን ሲቀር ጉድለቱ ወዲያው ስለሚታየው ማረም ይችላል።

ውፍረቱን ለማመሳሰል በስም አይመኑ፤ በአንዱ ፎንት «ቦልድ» የተባለው በሌላው «መካከለኛ» ሊሆን ይችላል። የክላረንደኑን ካፒታል ኤች እና የአማርኛውን በ በአንድ መስመር ላይ ጽፈው ስክሪኑን 400 በመቶ ያሳድጉት። የኤች ቋሚ ጭረትና የበ እግር ስፋታቸው እስኪቀራረብ ድረስ የአማርኛውን ደረጃ ከፍና ዝቅ ያድርጉ። ከዚያ ወደ 100 በመቶ መልሰው ዓይንዎን ጨፈን ያድርጉ፤ ሁለቱ ቃላት እኩል ግራጫ ከሆኑ ተስማምተዋል። አማርኛው ጥቂት ቀጠን ብሎ ቢቀር ይሻላል እንጂ ወፍሮ መገኘት የለበትም፤ የፊደላችን ጭረት ብዛት ራሱ ገጹን ያጠቁረዋል።

የቁመት ነገርም አለ። አማርኛ ካፒታልና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ሁሉም ፊደል በቁመት ይቀራረባል። ላቲኑ በሙሉ ካፒታል ከሆነ የአማርኛውን ቁመት ከካፒታሉ ጋር ማስተካከል ይቻላል፤ በትንንሽ ፊደላት ከሆነ ግን የአማርኛው ቁመት ከካፒታሉ ትንሽ ዝቅ፣ ከትንሿ ኤ ከፍ ያለ ይሁን። ይህን ለማድረግ የነጥቡን መጠን ይቀይሩ እንጂ ፊደሉን በማውዝ ጎትተው አያስረዝሙት፣ አያስፉትም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባሉ አንዳንድ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሰሌዳ ላይ እንደሚታየው፣ የአማርኛው ስም ከእንግሊዝኛው ጋር በርዝመት እኩል እንዲሆን ወደ ጎን ሲጎተት ቋሚ እግሮቹ ያብጣሉ፤ ፊደሉ የተቀመጠበት ይመስላል። አማርኛው አጭር ሆኖ መሐል ላይ ቢቀመጥ ምንም አይጎድልበትም።

በመጥሪያ ካርድና በፖስተር ላይ ቁጥሮች የሚረሱ ናቸው። «ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብለው ሲጽፉ ቃላቱ ከአማርኛው ፎንት፣ ቁጥሮቹ ከክላረንደን ከመጡ በአንድ መስመር ውስጥ ሁለት ድምፅ ይሰማል። ቀኑ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ከሆነ ቁጥሩንም ከአማርኛው ፎንት ይውሰዱ፤ ቀኑ ለብቻው በትልቁ የሚቆም ከሆነ ግን የክላረንደንን ቁጥር ያለ ስጋት ይጠቀሙ።

በአማርኛ ዋና ጽሑፍ ውስጥ ቃልን ለማጉላት ሁልጊዜ ውፍረት ያስፈልጋል ማለትም አይደለም። የቀደሙት ጸሐፍት የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፣ የክፍሉንም መነሻ በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። ሁለት ቀለም ማተም የሚችል ሰው በእንግሊዝኛው በኩል ክላረንደንን፣ በአማርኛው በኩል ያልወፈረ ቀይ ፊደልን ቢያስቀምጥ፣ ሁለቱም ቋንቋዎች በየራሳቸው ልማድ ይጎላሉ።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመላክ በፊት

ሥራውን በስክሪን ብቻ አይፍረዱ። በተራ ማተሚያ ማሽን በትክክለኛ መጠኑ አትመው በክንድ ርቀት ያንብቡት፤ ፖስተር ከሆነ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ወደ ኋላ ሦስት ሜትር ያህል ይራቁ። የታተመውን በፎቶ ኮፒ አንድ ጊዜ ማባዛትም ቀለም ሲዘረጋ የቱ ፊደል ቀድሞ እንደሚዘጋ ያሳያል።

ፋይሉን ሲልኩ ፎንቶቹ በውስጡ የተካተቱበት ፒዲኤፍ ያዘጋጁ። ፎንቱ ሳይካተት ከሄደ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ክላረንደኑን በታይምስ፣ አማርኛውን ባገኘው ማንኛውም ፎንት ሊተካው ይችላል፤ ያስተካከሉት ክፍተትና ውፍረት ሁሉ ይጠፋል። ርዕሱ አጭር ከሆነ ፊደላቱን ወደ ሥዕል መስመር መለወጥ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የፊደል ግድፈት ማረም ስለማይቻል፣ የሚታረመውን ቅጂ ለብቻው ያስቀምጡ። የማረጋገጫው ወረቀት ሲመጣልዎ ከመፈረምዎ በፊት በማጉያ መስታወት ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ የትንሿ ኤ ሆድ ክፍት መሆኑን፣ የክላረንደኑ እግሮች እርስ በርስ አለመነካካታቸውን፣ የቤ፣ የሴ እና የኬ ቀለበቶች በቀለም አለመሞላታቸውን። አንዱም ተዘግቶ ከተገኘ ውፍረቱን አንድ ደረጃ ቀንሰው ሌላ ማረጋገጫ ያስወጡ።